ክብ ጉዞ ከቱሉ ዲምቱ፦ በየት በኩል እንዙር? መሪውስ የት ላይ እንቀያየር?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ጎረቤቶች። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከክፍያ መንገዱ መግቢያ ብዙም አንርቅም። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሁሉ ወደ ቢሾፍቱ ሲነጉድ ከበረንዳችን ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እኛም አብረን እንነጉዳለን። የአዳማው መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ የዚህ ሰፈር ሰው ሽርሽር ሲል ሌላ አቅጣጫ የሚያስብ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ሌላ ነገር አሰብን። በዓለም ገና ወጥተን፣ መልካ ቁንጡሬን፣ ጢያንና ቡታጅራን አይተን፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ታጥፈን (ባቱ ለምትሉት ባቱ)፣ በመቂና በሞጆ አድርገን ቤታችን እንመለሳለን። 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞጆውን በኩል እናውቀዋለን። የቡታጅራውን በኩል ግን ሁለታችንም ረግጠነው አናውቅም። ጊዜው የጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ዝናቡ አቁሞ ጤፉ ገና አረንጓዴ እያለ።

ጥያቄዬ የት እንብላ፣ የት እንደር አይደለም። ሹፌር አገር አያይም ባይ ነኝ። ጋቢና የተቀመጠው ተራራውን፣ ገበያውን፣ ወፉን ያያል። ሹፌሩ የሚያየው የፊቱን አይሱዙ ጭስ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ስንት መኪና እንደቀደመ ያወራል እንጂ ሌላ የሚያወራው የለውም። ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ ስላለን መሪውን እንቀያየራለን ብለናል። ስለዚህ መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ። በየት አቅጣጫ ብንዞር ይሻላል? መሪውንስ የት ላይ ብንቀያየር ሁለታችንም ጥሩ ጥሩውን እናያለን?

(የመድረኩ የውይይት ክር በጣም ስለረዘመ መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ስድቡን አልፌዋለሁ። አስተያየቱ የኔ ነው።)

መልስ 1። ትሁት የሱሉልታ ሰው ናቸው። እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ጀመሩና የጠየቅኩትን ትተው ሌላ መንገድ መከሩን፤ ደብረ ሊባኖስ። በጫንጮ አልፎ ሜዳው በድንገት ተቆርጦ ገደሉ የሚከፈትበትን ቦታ በደንብ ነው የገለጹት። ገዳሙን ተሳልመን ስናበቃ ወደ ፖርቹጋል ድልድይ ወርደን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እንድናይ አሳስበውናል። መልካም ምክር ነው። ግን እሱ ሄዶ በዚያው መመለስ ነው፣ እኛ የፈለግነው ክብ ነው።

መልስ 2። ይህኛው ለመልስ 1 እርማት ይዞ ነው የመጣው። ፖርቹጋሎች ያንን ድልድይ እንዳልሠሩት፣ ያሠሩት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ጽፏል። የራሳችንን ሰው ሥራ ለፈረንጅ መስጠት መቼ ነው የምንተወው ብሎም ትንሽ ተቆጥቷል። የሱሉልታው ሰው አመስግነው ተቀበሉት። በዚህ መድረክ ላይ እርማት ተቀብሎ የሚያመሰግን ሰው ብርቅ ስለሆነ ይመዝገብልኝ።

መልስ 3። ቃሊቲ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና የጨረሱ ጋሼ ናቸው። ኪሎ ሜትሩን ተዉት፣ የሚቆጠረው ሰዓት ነው ይላሉ። ከዓለም ገና ወዲያ አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ አለ፣ ፍጥነት መቀነሻውም ስፍር ቁጥር የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ብንነሳም እየቆምን ከሄድን ቀኑ አይበቃንም፣ ስለዚህ ባቱ እደሩ ብለዋል። ሹፌር አገር አያይም ያልኩትን ደግሞ በሒሳብ ደገፉልኝ። በሰዓት 60 እየነዳ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ወደ ጎን ዞር ያለ ሰው 16 ሜትር ከፊቱን ሳያይ ተጉዟል። ጥጃ ለመግባት 16 ሜትር አያስፈልገውም። ማየት ያማረው ሹፌር ዳር ይዞ ይቁም፣ ካልሆነም መሪውን ያስረክብ ነው ቃላቸው።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ወንድም በማያውቁት አገር ሴት መሪ መያዝ እንደሌለባት፣ ጎማ ቢፈነዳ ማን እንደሚቀይር፣ ባለቤቴም ይህን ሐሳብ እንዴት እንደፈቀደ ጠየቀ። እህቴ ብሎ ስለጀመረ ጨዋ የሆነ መስሎታል።

መልስ 5። ገላን የምትኖር የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር መለሰችለት። በየቀኑ የሰው ልጆች ጭና የሲኖትራክ መዓት መሃል እንደምትነዳ፣ ጎማ የሚቀየረው በክሪክና በመፍቻ እንጂ በጺም እንዳልሆነ ነገረችው። ሌላም ብላለች። እሱን አልደግመውም፣ ግን ሃምሳ ምናምን ሰው ወዶላታል።

መልስ 6። ቁም ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። ሰበታ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ካርታ ዘርግታችሁ እዩ ይላል፤ ይህ መንገድ የሚዞረው ዝቋላን ነው። ተራራው ከክቡ ውስጥ ነው ያለው። በዓለም ገና ወጥቶ በሞጆ የሚመለስ መኪና ዝቋላ ቀኑን ሙሉ በግራው ነው። ጠዋት ወደ ቡታጅራ ስትወርዱ በምሥራቅ ነው፣ ግራ። ከሰዓት ከመቂ ወደ ሞጆ ስትመጡ በምዕራብ ነው፣ አሁንም ግራ። መሪያችን ደግሞ በግራ ነው። ስለዚህ ዝቋላ የሹፌሩ ድርሻ ነው፣ ያውም ሩቅና ትልቅ ስለሆነ አንገት ሳያዞሩ በዓይን ጫፍ የሚታይ። ጋቢና የተቀመጠው የክቡን ውጭ ያገኛል፤ ቡታጅራ ስትደርሱ የጉራጌን ሰንሰለት በቀኝ፣ ስትመለሱ የዝዋይን ሐይቅና ቆቃን በቀኝ። በሞጆ ወጥታችሁ በዓለም ገና ከተመለሳችሁ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል።

ይህን አንብቤ ስልኬን ለባለቤቴ አቀበልኩት። ሁለታችንም እዚህ ሰፈር ስንኖር ዝቋላን ስንት ጊዜ አይተናል፣ መንገዱ ተራራውን እንደሚዞረው ግን ልብ ብለን አናውቅም።

መልስ 7። ፎቶ አንሺ ነው መሰለኝ። የመልስ 6ን አቅጣጫ ደግፎ ፀሐይዋን ጨመረባት። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትመጣ የቡታጅራ ተራሮች ፊታቸው በርቶ ይታያሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ከምዕራብ ስለሆነች ሐይቁ ላይ ታበራለች። ጋቢና ያለው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የበራውን ያያል። በሌላው አቅጣጫ ብትዞሩም ፀሐይዋ ያው በሹፌሩ በኩል ናት፣ ግን ሐይቁና ተራሮቹም ወደ እሱ ጎን ስለሚሆኑ ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ፎቷቸው ጥቁር ይወጣል። ሹፌሩ በየትኛውም አቅጣጫ የግራ ክንዱ ስለሚቃጠል ሻርፕ ነገር ይያዝ ብሎ ነው የጨረሰው።

መልስ 8። ባለቤቴ ብቅ አለ! እኔ ሳላውቅ የራሱን መለያ ከፍቶ። ለመልስ 4 ፈቃድ ሰጪም ከልካይም እንዳልሆነ ባጭሩ ነገረው፣ ለዚህ እራት ጋብዤዋለሁ። ከዚያ የራሱን ጥያቄ ጠየቀ። እናቱ መጋቢት 5 ዝቋላ አቦ ወጥተው የሚሳለሙ ስለሆኑ ተራራውን ከሁሉም ጎን ማየት ይፈልጋል፣ ግን ተራራ ለማየት ብሎ ቀኑን ሙሉ መንዳት አይፈልግም። አስታረቁን አለ።

መልስ 9። ሳይጠየቅ ያስታወሰ ሰው ነው። የዝቋላ በዓል መጋቢት 5 ብቻ ሳይሆን ጥቅምት 5ም ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከሄድን በቢሾፍቱና በዱከም በኩል የምዕመኑ መኪና እንደሚበዛ፣ ወይ ቀኑን እንድናሳልፍ ወይ አስበንበት እንድንገባ መከረ። ጥሩ አደረገ። ቀኑን ወደ ጥቅምት አጋማሽ ገፍተነዋል።

መልስ 10። ማስታረቂያው ከሰርቪስ ሹፌሯ መጣ፣ ከመልስ 5ቷ። ቡታጅራ ላይ ቀያይሩ ትላለች። እስከ ቡታጅራ አንዳችሁ ንዱ፣ ከዚያ ሌላችሁ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ተራሮቹን፣ አንዱ ሐይቆቹን ያገኛል፣ ዝቋላም ለሁለቱም ሹፌሮች በተራ ይደርሳል። ቡታጅራ ምሳ የሚበላበት ሰዓት ላይ ስለሚደረስ በባዶ ሆድ ማን ይንዳ የሚል ጭቅጭቅም አይነሳም። ከምሳ በኋላ የሚነዳው ሰው ብዙ እንዳይበላ አስጠንቅቃለች። ክትፎ በልቶ መሪ የያዘ ባል ከመቂ በፊት ያንኮራፋል ብላለች፣ ከልምድ ይመስላል።

መልስ 11 እስከ 13 ስለ ጢያ ነው። 11 ትክል ድንጋዮቹ ከአክሱም ዘመን ናቸው አለ። 12 በቁጣ አይደሉም፣ ከአክሱም በኋላ በመካከለኛው ዘመን የቆሙ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው ብሎ አረመው። ለማን እንደሆነ ባላውቅም ቁጣው አላስፈለገም። 13 የሁለቱን ክርክር አቋርጦ ለመንገደኛ የሚጠቅመውን ተናገረ። ቦታው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ድንጋዮቹ 36 ናቸው፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሰይፎቹን ቁጠሩ ይላል። አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ በርካታ ሰይፍ አለ፣ ከጎናቸውም ሌሎች ምልክቶች አሉ። ከርቀት ፎቶ አንስቶ ወደ መኪና መሮጥ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ቀረብ ብላችሁ ጠርዙ ላይ ጣታችሁን ሳታሳርፉ እዩት ብሏል። ከአስፋልቱም ብዙ አይርቅም።

መልስ 14። መልካ ቁንጡሬን እንዳናልፍ የለመነ መምህር ነው። አዋሽን ስንሻገር እዚያው አጠገብ እንደሆነ፣ ሰዎች ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ድንጋይ እየጠረቡ የኖሩበት ቦታ እንደሆነ፣ በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ጻፈ። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ነው፣ ልጅ ያለው ሰው ልጁን ይውሰድ አለ። ልጅ የለንም። ቢሆንም የጥቁሩን ባልጩት ስለት አገላለጹ፣ ዛሬም ወረቀት የሚቆርጥ፣ ጠርዙ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው ማለቱ፣ ባለቤቴን ገዝቶታል። መጀመሪያ የምንቆመው እዚያ ነው።

መልስ 15። አዳዲ ማርያምስ ብሎ ጠየቀ፣ ራሱም መለሰ። ከአለት የተፈለፈለች፣ ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዛት ቤተ ክርስቲያን ናት። ግን ከዋናው መንገድ መገንጠል አለባችሁ፣ መንገዱም ፒስታ ነው፣ ቪትዝ ይዛችሁ ዝናብ ማግሥት እንዳትሞክሩት አለ። የኛን መኪና ዓይነት እንዴት እንዳወቀ አላውቅም። ቱሉ ዲምቱ ሁሉ ቪትዝ ስለሚነዳ ገምቶ ይሆናል።

መልስ 16። እዚህ ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር። በዚህ ጊዜ ሽርሽር የምትሉ ሰዎች ዜና አትሰሙም ወይ ብሎ የተቆጣ ሰው ነው። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ስድብ ጨመረበት። ጋሼ (መልስ 3) በእርጋታ ገቡ። መንገድ የሚወጣ ሰው ምንጊዜም አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ማታ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የመንገዱን ሰላም ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጠዋትም ደግማችሁ ደውሉ። ከመሸ አትንዱ፣ 11 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት ማደሪያ ያዙ። አይሆንም ከተባላችሁ ቤታችሁ ቁጭ በሉ፣ ጢያ የትም አይሄድም። ይህ መልስ 17 ነው፣ ለኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው።

መልስ 18። ጎሚስታ ነኝ ያለ ልጅ። ትርፍ ጎማ አለን የሚል ሰው ሁሉ ትርፍ ጎማ የለውም ይላል። ግማሹ ሰው ከኋላ የጫነው ጎማ አየር የለውም፣ አይቶትም አያውቅ። አስነፉት። ሁለተኛ፣ ዳዶዎቹ በማሽን ስለሚጠብቁ በእጅ መፍቻ በቀላሉ አይላቀቁም። ስለዚህ ከቤታችሁ ሳትወጡ አራቱንም ጎማ በራሳችሁ መፍቻ አላልታችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። መፍቻውም የመኪናችሁ ልክ መሆኑን እዚያው ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ክሪኩ አፈር ላይ እንዳይሰምጥ አንዲት ቁራጭ ጣውላ ያዙ። መልስ 4 መጥቶ እሱንም አመሰገነ፣ ሴት ልጅ መፍቻ ላይ ቆማ በክብደቷ ብትረግጠውም እንደሚላቀቅ ጎሚስታው ሲነግረው ግን ጠፋ።

ከመልስ 19 እስከ 27 ምግብ ነው፣ ማለትም ጦርነት ነው። አንዱ ቡታጅራ ክትፎ በቆጮ አለ። ሌላዋ በጥቅምት የጽጌ ጾም ነው፣ ምን ክትፎ ነው አለች። ሦስተኛው ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው አለ። ለማስታረቅ ብሎ የገባው እንግዲያውስ ባቱ አሳ ይብሉ ሲል እሳቱ ጨመረ፣ አሳ ይጾማል አይጾምም ተጀመረ፣ መምህሩ ሳይቀር ገባበት። እኔ ይህን ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት፣ ሲያልቅ አላየሁም። ከመሃላቸው የጠቀመን የመልስ 24 ሰው ብቻ ነው። ሐይቁ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ እንደልብ አይታይም፣ ከባቱ ከተማ ወደ ዳሩ መውረድ አለባችሁ፣ ጀልባዎቹ ወዳሉበት። አሳ አጥማጆቹ እዚያ ያራግፋሉ። ቆሮሶውን ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ ሰው መስለው ክብ ሠርተው ይጠብቃሉ፤ አንጀቱ ሲወረወር ክንፋቸውን ዘርግተው ይራገጣሉ። ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትጠጉ ብሏል። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የዛይ ሰዎችና የደብረ ጽዮን ገዳም ያሉበት። እሱ ግን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

መልስ 28። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው እኛ ሳንጠይቀው የራሱን መኪና ሒሳብ ሠራ። ከባቱ ወደ አዲስ አበባ ዳር ስትመለሱ ከፍታው ከ1,600 ሜትር ገደማ ወደ 2,200 ይወጣል፣ አቀበት ቻርጅ ይበላል፣ ስለዚህ ባቱ ስትደርሱ ግማሽ የቀረው መኪና ቤት እደርሳለሁ ብሎ መተማመን የለበትም። በቁልቁለት መመለሻ ኃይል የምታገኙት ጠዋት ስትሄዱ ነው፣ ያኔ ደግሞ አያስፈልጋችሁም። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተከለከለ ነገ ሁላችሁም እዚህ ጥያቄ ላይ ትመጣላችሁ ብሎ አስፈራርቶናል። 29 እና 30 ስለ ባትሪ ዋጋ ነው፣ ዘለልኩት።

መልስ 31። እኔ ነኝ። ውሳኔያችንን ጻፍኩ። በዓለም ገና እንወጣለን። እስከ ቡታጅራ እኔ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ተራሮቹን ያያል። ከቡታጅራ እሱ ይነዳል፣ እኔ ሐይቆቹን። ባቱ እናድራለን። ከባቱ ወደ ሞጆ የምንመለሰው በአዲሱ ፈጣን መንገድ ሳይሆን በአሮጌው ነው፣ ሸሽተን የመጣነው ከፈጣን መንገድ ነውና።

መልስ 32። ሰርቪስ ሹፌሯ አንድ ነገር አነሳች። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲን፣ ለቡን፣ ጀሞን አልፎ ዓለም ገና እስኪደረስ ያለውን ማን ነው የሚነዳው? የሚታይ ነገር የለውም፣ የሚታገሉት ግን አለ። እስከ ቡታጅራ ያልኩት ከየት ጀምሮ እንደሆነ ግልጽ አይደለም አለች።

መልስ 33። ባለቤቴ ከዓለም ገና ጀምሮ ነው የተረዳሁት አለ።

መልስ 34። እኔም እንደዛው ነው የተረዳሁት አልኩ። ማለትም ከተማውን እሱ።

መልስ 35። ጋሼ ፈረዱ። ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ከተወጣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ማንም ይንዳው። ከ1 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ተኝቶ ያስረፈደው ይንዳ።

መልስ 36። የገላን ሴት በአሮጌው መንገድ መመለሳችንን ስትሰማ ከመቂ ሽንኩርት እንድናመጣላት ጠየቀች። መልስ 37ም ጠየቀ። 38 ቲማቲም ጨመረ። 39 የቪትዝ ኮፈን ስንት ኩንታል ይችላል አለ። ከዚያ ወዲያ ክሩ የሽንኩርት ዋጋ ሆኗል። መንገዱን ፈልጎ የመጣ ሰው መልስ 6፣ 7፣ 10ን እና 17ን አንብቦ ይውጣ።